ሰርቨር ድንገት ሲጨናነቅ፥ ከመፍረድ በፊት ስለ መመርመር

(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለአንባብያን የቀረበ)

የመሥሪያ ቤት ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተላለፈ በሄደ መጠን፥ ሰርቨር የሚባለው መሣሪያ ሲታመም ሕመሙ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ሆኗል። የወሩ ደመወዝ በሚዘጋጅበት ቀን፥ ወይም ባለጉዳይ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ሲሰማ፥ የሚጉላላው ሕዝብ ነው፤ የሚወቀሰውም በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አለቃው ባለሙያውን ያስቸኵላል፤ ባለሙያውም ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራዋል፤ ሥራውም ለጊዜው ይቀጥላል። ነገር ግን በሳምንቱ ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻም «መሣሪያው አንሷል» ተብሎ በብዙ ገንዘብ ሌላ ይገዛል፤ የሕመሙ ሥር ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነም አዲሱ መሣሪያ በአሮጌው በሽታ ይያዛል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ጭምር ነው። ስለዚህ ዛሬ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር ያለ ታወቀ ምክንያት ፕሮሰሰሩ ወይም ሚሞሪው ድንገት ሲጨናነቅ በምን ዐይነት ሥርዓት መመርመር እንደሚገባ እንነጋገራለን።

ሰርቨር ማለት በቃሉ ትርጉም አገልጋይ ማለት ነው። በኔትወርክ ከተያያዙ ከብዙ ኮምፒዩተሮች የሚመጣለትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። ሊኑክስ ደግሞ የሰርቨሩ የውስጥ አስተዳደር ነው። በ1991 የጀመረው በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ብዙ ዐዋቂዎች እያሻሻሉት እዚህ አድርሰውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲገባን አንድ ጽሕፈት ቤት በአሳባችን እንመልከት። ፕሮሰሰሩ ጽሕፈቱን የሚጽፈውና ሒሳቡን የሚያሰላው ጸሐፊ ነው። ሚሞሪው ጸሐፊው የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ፋይሉን ዘርግቶ በቶሎ የሚያየው በዚያ ላይ ነው። ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው፤ ሰፊ ነው፥ ነገር ግን ሄዶ ፋይል አውጥቶ ለመመለስ ጊዜ ይፈጃል። በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ባለጉዳዮች ናቸው። ከርነል የሚባለው የሊኑክስ ዋና ክፍል ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ነው፤ ተራ የሚሰጥ፥ በጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚያካፍል፥ ሥነ ሥርዓት ሲጓደልም የሚያስወጣ እርሱ ነው።

አሁን በቅድሚያ ስለ ሚሞሪ እንናገር፤ ብዙ ሰዎች በከንቱ የሚደነግጡበት ይህ ነውና። «ፍሪ» የሚባለውን ትእዛዝ ብትሰጡ ሰርቨሩ የሚሞሪውን ሒሳብ ያቀርብላችኋል። እንበልና ጠቅላላው ሚሞሪ 16 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ «ባዶ» በሚለው ዐምድ ሥር የተጻፈው 400 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «ሚሞሪ አልቋል» ብሎ ይጮኻል። ነገር ግን ልባም ጸሐፊ ከመዝገብ ቤት ያወጣውን ፋይል ሥራው እንዳለቀ ወዲያውኑ አይመልሰውም፤ ምናልባት ሌላ ሰው ይጠይቀው ይሆናል ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያቈየዋል፤ ቦታ ሲጠበብ ግን በቶሎ ያነሣዋል። ሊኑክስም እንዲሁ ከዲስክ ያነበበውን በሚሞሪ ያቈያል። ስለዚህ መታየት ያለበት «ባዶ» የሚለው ሳይሆን «ሊገኝ የሚችል» የሚል ትርጉም ያለው ዐምድ ነው። ይህንን ቍጥር ከርነሉ ራሱ አስልቶ መስጠት የጀመረው በ2014 ሲሆን፥ በምሳሌያችን ላይ ምናልባት 11 ጊጋባይት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። እንግዲያስ ይህ ሰርቨር ጤነኛ ነው።

እውነተኛው የሚሞሪ ችግር በሌላ ምልክት ይታወቃል። ጠረጴዛው በእርግጥ በሞላ ጊዜ ሹሙ አንዳንዱን ወረቀት በዲስኩ ላይ ወደ ተዘጋጀው፥ «ስዋፕ» ወደሚባለው ማቈያ ይልከዋል። አንድ ጊዜ ተልኮ ሳይፈለግ የቀረ ወረቀት ጕዳት የለውም። ነገር ግን «ቪኤምስታት» በሚባለው ትእዛዝ ሲታይ ወደ ስዋፕ የሚወጣውና ከስዋፕ የሚመለሰው ሁለቱም ሳያቋርጡ የሚመላለሱ ከሆነ፥ ጸሐፊው መጻፉን ትቶ በጠረጴዛውና በማቈያው መካከል ሲሮጥ ይውላል ማለት ነው።

ከዚህም ካለፈ ከርነሉ የመጨረሻ ሥልጣኑን ይሠራበታል፤ ይኸውም ከባለጉዳዮቹ አንዱን በግድ ማስወጣት ነው። ለማስወጣትም የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘውን ነው። እዚህ ላይ አስተውሉ። ሰፊ ቦታ የያዘው ብዙ ጊዜ የመረጃ ማከማቻው ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ቦታውን የያዘው ሥራው ስለሚጠይቅ ነው። ጥፋተኛው ግን በየሰዓቱ ጥቂት በጥቂት እየወሰደ የማይመልስ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተባረረው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ማን እንደ ተባረረና በዚያች ሰዓት እያንዳንዱ ምን ያህል እንደ ያዘ በከርነሉ መዝገብ ተጽፎ ስለሚገኝ፥ ያን መዝገብ ሳያነቡ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ወደ ፕሮሰሰሩም ስንመጣ እንደዚሁ ቍጥሩን ከነትርጉሙ ማንበብ ያስፈልጋል። «ቶፕ» የሚባለው ትእዛዝ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ብዙ ከሚሠራው ጀምሮ በተርታ ያሳያል። በዚያም ላይ አንድ ፕሮግራም «400 በመቶ» ሲል ሲታይ የሚደነቅ አለ። ነገር ግን 100 በመቶ ማለት አንድ ጸሐፊ ሙሉ ጊዜውን ሰጠ ማለት ነው። 8 ጸሐፊዎች ባሉበት ሰርቨር አንድ ትልቅ ሥራ ለ4ቱ ተከፋፍሎ ቢሠራ 400 በመቶ ይሆናል፤ የቀሩት 4ቱ ገና ሥራ ፈት ናቸው።

ደግሞም የሰልፉን ርዝመት የሚያመለክቱ ሦስት ቍጥሮች አሉ፤ እነርሱም ያለፈውን 1፥ 5ና 15 ደቂቃ ሁኔታ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቍጥር ከሦስተኛው ከበለጠ ችግሩ በመጨመር ላይ ነው፤ ካነሰም እያለፈ ነው። ይሁን እንጂ ሊኑክስ ከ1993 ጀምሮ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚቈጥረው ጸሐፊውን የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን፥ ከመዝገብ ቤት ፋይል እስኪመጣላቸው የቆሙትንም ጭምር ነው። ስለዚህ ሰልፉ እጅግ ረዝሞ ጸሐፊዎቹ ሥራ ፈተው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰር መግዛት ከንቱ ነው፤ የዘገየው ዲስኩ ነውና።

የፕሮሰሰሩም ጊዜ በልዩ ልዩ ስም ተከፋፍሎ ይታያል። አንዱ ክፍል ለፕሮግራሞቹ ለራሳቸው ሥራ የዋለው ነው፤ ሁለተኛው ለከርነሉ ሥራ የዋለው ነው፤ ሦስተኛው ዲስክ በመጠበቅ ያለፈው ነው። አራተኛው «የተሰረቀ ጊዜ» ይባላል። ይህም የሚታየው ሰርቨሩ ራሱን የቻለ መሣሪያ ሳይሆን ከአንድ ትልቅ መሣሪያ ተከፍሎ የተከራየ በሆነ ጊዜ ነው። የአንድ ሕንፃ ተከራዮች አንዱን ጸሐፊ ሲጋሩ ጎረቤት ሥራ ሲበዛበት የእኛ ወረቀት እንደሚዘገይ ማለት ነው። የተሰረቀው ጊዜ ብዙ ከሆነ ጥፋቱን በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ ስንፈልግ ብንውል አናገኘውም፤ አከራዩን መጠየቅ ይገባል።

ክቡራን አንባብያን፤ በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ይፈለግበት የነበረ ሁለት ዐይነት ልማድ እንደ ነበረ ትሰሙ ይሆናል። አንደኛው ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶት በመንደሩ ውስጥ ይለቀቅና፥ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። በዚህኛው የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በተራ ይጠየቃል፤ ነገሩም ከብዙ ቃል ተጣርቶ ይወጣል። ሰርቨር ሲጨናነቅ «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ በተርታው ራስ ላይ የተገኘውን ፕሮግራም ወዲያው መግደል የሌባ ሻይ ፍርድ ነው። በተርታው ራስ ላይ የተገኘው ተከሳሽ ነው እንጂ የተፈረደበት አይደለም። ትክክለኛው መንገድ አውጫጭኝ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን፥ በዓለም ሁሉ በአንዲት ሌሊት የደረሰ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። የምድር መዞር ፍጹም እኩል ባለመሆኑ፥ ከዓለም አቀፉ የአቶም ሰዓት ጋራ እንዲስማማ ሲባል ከ1972 ጀምሮ አልፎ አልፎ አንዲት ሴኮንድ በሰዓቱ ላይ ትጨመራለች። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 5 ቀን መሆኗ ቀርቶ 6 እንደምትሆን፥ ያችም ደቂቃ 60 ሴኮንድ መሆኗ ቀርቶ 61 ትሆናለች። ከእነዚህ ጭማሪዎች 25ኛዋ የገባችው በ2012 የጁን ወር 30ኛ ቀን ሲፈጸም፥ በእኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለሰኔ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. አጥቢያ፥ በአዲስ አበባ ሰዓት ሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል መሆኑ ነው።

በዚያች ቅጽበት በልዩ ልዩ አገር ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ድንገት ፕሮሰሰራቸው እስከ ጫፍ ድረስ ተያዘ። ሬዲት የሚባለው የውይይት ገጽ ተቋረጠ፤ ሞዚላ የሚባለውም ድርጅት ሰርቨሮቹ ታወኩበት። በአውስትራሊያ የኳንታስ አየር መንገድ የሚሠራበት አማዴዎስ የተባለው የመንገደኞች መመዝገቢያ ስለ ታወከ፥ ሠራተኞቹ መንገደኞችን በእጅ እየጻፉ ለማስተናገድ ተገደዱ፤ በረራዎችም ዘገዩ። በጀርመን አገር ሰርቨር የሚያከራየው ሄትስነር የተባለው ኩባንያም በዚያች ሌሊት የመሣሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በ1 ሜጋዋት ያህል ከፍ ማለቱን ለደንበኞቹ አስታወቀ። ይህ ሁሉ የአንዲት ሴኮንድ ሥራ ነበረ።

ባለሙያዎቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሲመለከቱ በተርታው ራስ ላይ ያገኟቸው ጃቫ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፉት ፕሮግራሞችና ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ማከማቻ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ብዙዎች እነዚህን ፕሮግራሞች ዘግተው ከፈቱአቸው፤ ጭንቀቱ ግን ተመለሰ። ተከሳሾቹ ጥፋት አልነበረባቸውምና። ጥፋቱ በሹሙ ዘንድ፥ በከርነሉ ውስጥ ነበረ። ከርነሉ አንድ ዋና ሰዓት አለው፤ የማንቂያ ደወሎችን የሚቈጣጠረው ክፍል ደግሞ የዚያን ሰዓት ልክ ለራሱ ይይዛል። ሴኮንዷ ስትጨመር ዋናው ሰዓት ታረመ፤ ለደወሉ ክፍል ግን የነገረው አልነበረም። ስለዚህ የደወሉ ክፍል አንድ ሴኮንድ ቀድሞ ቀረ። አንድ ፕሮግራም «ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ሲል የደወሉ ክፍል «ጊዜው አልፏል» ብሎ ወዲያው ይቀሰቅሰዋል፤ ፕሮግራሙም ተነሥቶ ሥራ ሲያጣ መልሶ ይተኛል፤ አሁንም ወዲያው ይቀሰቀሳል። ይህ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ፕሮሰሰሩ ያለ አንዳች ፍሬ ሲደክም ያድራል።

መድኃኒቱስ ምን ነበር? ሰርቨሩ የራሱን የአሁኑን ሰዓት መልሶ እንዲሞላ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ማዘዝ ብቻ ነበር። ሰዓቱ እንደ ገና ሲሞላ ዋናው ሰዓትና የደወሉ ክፍል ይታረቃሉ፤ ጭንቀቱም በዚያው ቅጽበት ያቆማል። አዲስ መሣሪያ መግዛት ቀርቶ ሰርቨሩን ማጥፋት እንኳ አላስፈለገም። ጥቂት ቈይቶም የከርነሉን የሰዓት ክፍል የሚጠብቀው ጆን ስተልዝ ስሕተቱን አረመው። እንደ ጉግል ያሉት ደግሞ ቀድመው በሌላ ዘዴ ተጠንቅቀው ነበር፤ ሴኮንዷን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ በብዙ ሰዓት ውስጥ አሟሟት። እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ እንዲህ ያለች ሴኮንድ 27 ጊዜ ተጨምራለች። የልዩ ልዩ መንግሥታት መልእክተኞች የሚገኙበት የሚዛንና የልክ ጉባኤም በ2022 ባደረገው ስብሰባ ይህ ልማድ እስከ 2035 ድረስ እንዲለወጥ ወስኗል።

ለመሆኑ የሰዓት ጉዳይ መሆኑ በምን ታወቀ ትሉ ይሆናል። የታወቀው «መቼ ጀመረ?» የሚለው ጥያቄ በመጠየቁ ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ፥ ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠሩ ሰርቨሮች በአንዲት ቅጽበት ከታመሙ፥ የጋራቸው የሆነው ያች ቅጽበት ራሷ ናት። እንግዲህ ከዚህ የምንማረውን የአመረማመር ሥርዓት በተራ እናቅርብ።

አንደኛ፤ ሰርቨሩን ከማጥፋት በፊት ማስረጃውን መያዝ ነው። ሰርቨር ሲጠፋ በሚሞሪው ውስጥ ያለው ምስክር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። «ቶፕ»፥ «ፍሪ» እና «ቪኤምስታት» የሚያሳዩትን፥ የከርነሉንም መዝገብ ከነሰዓቱ በአንድ ፋይል መገልበጥ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሕዝብ እየጠበቀ ሦስት ደቂቃ ብዙ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ይህ ያልተደረገ እንደ ሆነ በሚመጣው ሳምንት ሦስት ሰዓት ያስከፍላል።

ሁለተኛ፤ ጊዜውን መጠየቅ ነው። ጭንቀቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ «ክሮን» በሚባለው የቀጠሮ መዝገብ ላይ ምን ሥራ እንደ ተመዘገበ ይታይ፤ የሌሊት የመጠባበቂያ ግልባጭ እስከ ጧት ድረስ ሳይጨርስ ቈይቶ ሊሆን ይችላል። የጀመረው አዲስ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ከሆነም ምርመራው በዚያ ይጀመር። ለዚህ የሚረዳው «ሳር» የሚባለው መዝጋቢ ነው፤ እርሱም እንደ ተለመደው በየ10 ደቂቃው የሰርቨሩን ሁኔታ ይጽፋል። ነገር ግን አማካይ ቍጥር ይሸፍናል፤ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ለአንዷ ደቂቃ ብቻ ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ፥ በመዝገቡ ላይ የሚታየው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ጭንቀቱ አጭር ከሆነ መዝጋቢው በየደቂቃው እንዲጽፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ የጭንቀቱን ዐይነት መለየት ነው። የጎደለው ፕሮሰሰር ነው ወይስ ሚሞሪ፥ ወይስ ዲስኩ ነው የዘገየው? በ2018 መጨረሻ ከወጣው ከርነል ጀምሮ ሊኑክስ ይህን በቀጥታ ይናገራል፤ ባለጉዳዮቹ በፕሮሰሰር፥ በሚሞሪና በዲስክ እጦት ከጊዜያቸው ስንት በመቶውን ቆመው እንዳሳለፉ ለየብቻ ይጽፋል። ይህን ያነበበ ሰው ከግምት ይድናል።

አራተኛ፤ ባለቤቱን መፈለግ ነው። «ፒድስታት» የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየሴኮንዱ የወሰደውን ያሳያል። ይሁን እንጂ እጅግ አጭር ዕድሜ ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ እየተወለዱ በግማሽ ሴኮንድ ስለሚሞቱ «ቶፕ» ሳያያቸው ያልፋሉ፤ ድምራቸው ግን ፕሮሰሰሩን ይበላዋል። ፕሮሰሰሩ ተይዞ ሳለ በተርታው ላይ ማንም የሚከሰስ ካልታየ፥ አዲስ የሚነሣውን ፕሮግራም ሁሉ የሚመዘግበው «ኤግዜክስኑፕ» የሚባለው መሣሪያ ይሠራበት። ባለቤቱ ከታወቀ በኋላም «ፐርፍ» የሚባለው መሣሪያ በየትኛው የውስጥ ሥራ ላይ ጊዜውን እንደሚያጠፋ ይናገራል።

በሚሞሪም በኩል የእድገቱን መልክ ማየት ይገባል። እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ይወስዳል፥ መልሶም ይለቃል። እንደ ደረጃ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን የወሰደውን የማይመልስ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ሲደመርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 50 ሰዎች አንዱን የጋራ መዝገብ በየተራ ቢያዩት መዝገቡ 50 አይሆንም፤ የጋራ ሚሞሪ ግን በእያንዳንዱ ፕሮግራም ሒሳብ ላይ ሙሉ ሆኖ ስለሚጻፍ ድምሩ ከእውነተኛው ይበልጣል። ደግሞ ተገላቢጦሹ አለ፤ የፕሮግራሞቹ ድምር ትንሽ ሆኖ ሚሞሪው ግን ያለቀ ጊዜ፥ በሚሞሪ ውስጥ የተቀመጡ ጊዜያዊ ፋይሎችና ከርነሉ ለራሱ የያዘው ቦታ መታየት አለባቸው፤ እነዚህ በማንም ፕሮግራም ስም አይጻፉምና።

አምስተኛ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ለውጦ የዳነ ሰርቨር በየትኛው እንደ ዳነ አይታወቅም፤ ሲታመምም መድኃኒቱ አይገኝም።

እዚህ ላይ ግን እውነተኛ ሌባ የሚገኝበትም ጊዜ እንዳለ ሳልናገር አላልፍም። የሰውን ሰርቨር በስውር ሰብረው እየገቡ በባለቤቱ ፕሮሰሰርና በባለቤቱ ኤሌክትሪክ የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች አሉ። በ2020 በሰፊው የታወቀው ኪንሲንግ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ነው። በከርነሉ ውስጥ «ኬዴቭትምፍስ» የሚባል ሕጋዊ ባለሟል አለ፤ ሌባው ግን በስሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ድምፅ ጨምሮ «ኬዴቭትምፍሲ» በማለት ራሱን ሰየመ፤ በችኮላ የሚያነብ ሰው የሹሙ ባለሟል ነው ብሎ እንዲያልፈው ነው። ይህንም ቢገድሉት በቀጠሮ መዝገቡ ላይ ራሱን ስለሚያስመዘግብ ወዲያው ይነሣል። ስለዚህ ስሙ ብቻ ሳይታመን የተነሣበት ፋይል በዲስኩ ላይ የት እንዳለ፥ ወደ ውጭም ከማን ጋራ እንደሚነጋገር መመርመር አለበት። የገባበት በር ሳይዘጋ ሌባውን ብቻ ማባረር ጥቅም የለውም፤ እንዲህ ያለው ሰርቨር የተነካ ስለ ሆነ ከጥሩ ግልባጭ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

በመጨረሻም ባለሙያ ያልሆንን ሠራተኞች ድርሻችን ምንድን ነው? ከምርመራው ግማሹ በእጃችን ነው ብል ማጋነን አይደለም። «ሲስተም የለም» ብሎ ከመናገር ይልቅ «ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ የዓመቱን ሪፖርት ሳወጣ ዘገየ፤ በ4 ሰዓት ተኩል ተመለሰ» ብሎ መናገር ለመርማሪው ታላቅ ምስክርነት ነው። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትምና። በየክፍሉ አንድ ደብተር ተቀምጦ ቀኑ፥ ሰዓቱና ይሠራ የነበረው ሥራ ቢጻፍበት ከወር በኋላ ደብተሩ ብቻውን ምክንያቱን ሊያሳይ ይችላል። አለቆችም ባለሙያውን «ቶሎ አጥፍተህ አብራው» ከማለት በፊት ማስረጃውን የሚይዝበትን ሦስት ደቂቃ ይስጡት። አዲስ መሣሪያ ይገዛልን የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸውም «የጎደለው ምን እንደ ሆነ በምን ታወቀ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ በቍጥር የተደገፈ መልስ ከተገኘ ግዢው ተገቢ ነው፤ ካልተገኘ ግን ገንዘቡ ገና አይውጣ።

ክቡራን አንባብያን፤ ሰርቨር ያለ ምክንያት አይጨናነቅም፤ ያለ ምክንያት የመሰለን ያልጠየቅነው ምስክር ስላለ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በመሥሪያ ቤታችሁ ሰርቨሩ ሲዘገይ አስቀድማችሁ ሰዓታችሁን ተመልከቱና ጻፉ፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።